ሺህ ጋሎን ውሃና አራት ሰው፦ የገጠር በጎ ፈቃደኞች የእሳት አደጋ መኪና ግምገማ

ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው የሜሪላንድ ገጠር፣ መንገድ ዳር ሃይድራንት (የእሳት አደጋ ቱቦ የሚገጠምበት የውሃ ማውጫ) በማይገኝባቸው መንደሮች፣ የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያዎች በብዛት የሚገዙት አንድ ዓይነት መኪና አለ። እንደ ፓምፕ መኪናም እንደ ውሃ ቦቴም ሆኖ እንዲያገለግል ታስቦ በተለመደ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ አንድ ሺህ ጋሎን ወይም 3,785 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፓምፑም በደቂቃ 1,250 ጋሎን ይገፋል። እኔ በማገለግልበት ጣቢያ የገባው አዲሱ መኪና ከዚሁ ዓይነት ነው። የሠራውን ፋብሪካ ስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ የአንድ ፋብሪካ ሳይሆኑ ገዢውና ሻጩ አብረው ያመጧቸው ልማዶች ናቸውና።

መኪናውን የምመዝነው በአንድ መለኪያ ነው። በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥሪ ሲመጣ ጣቢያው ሊደርሱ የሚችሉት ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን ሊሠሩበት ይችላሉ ወይስ አይችሉም? ይህ ለአሜሪካ ገጠር ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በአገሪቱ ካሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ከነበረበት 897,750 በ2020 ወደ 676,900 ወርዷል፤ በእነዚሁ ዓመታት የሕዝቡ ቁጥርም የጥሪው ብዛትም ጨምሯል። ቀድሞ እርሻው ወይም ሱቁ እዚያው መንደሩ ውስጥ የነበረው ሰው ዛሬ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ባልቲሞር ለሥራ ይጓዛል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ፤ አዲስ ገቢ ወደሚቃጠል ቤት ከመግባቱ በፊት የሚጠበቅበት ሥልጠና ከመቶ ሰዓት በላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ለመኪናው መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ በቢንጎና በቁርስ ግብዣ የሚያሰባስበው ራሱ ነው። የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያ እንደ እድር ነው፤ አባሉ ሁሉ መዝገብ ላይ አለ፣ ድንኳን የሚተክለው ግን ሁልጊዜ ያው አምስት ስድስት ሰው ነው።

የሥራ ደህንነት ደንቡም ቢሆን ዝቅተኛውን የሰው ቁጥር ቆርጦ አስቀምጦታል። ሁለት ሰዎች የመተንፈሻ መሣሪያ ለብሰው ወደሚቃጠል ሕንፃ ሲገቡ ሌሎች ሁለት ሰዎች በውጭ ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ በእሳቱ ውስጥ የቀረ ሰው መኖሩ ታውቆ እሱን ለማውጣት ካልሆነ በቀር ከዚህ ማጉደል አይፈቀድም። ስለዚህ የመጀመሪያው መኪና አራት ሰው ይዞ ከደረሰ ሥራ መጀመር ይችላል፣ ሦስት ይዞ ከደረሰ ግን ሁለተኛውን መኪና መጠበቅ ሊኖርበት ነው። አገር ቤት የእሳት አደጋ አገልግሎት የከተማ አስተዳደር ሥራ ቢሆንም፣ መኪናው እስኪደርስ ድረስ ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ሁሉ ባልዲ ይዞ ይወጣል። በአሜሪካ ገጠር ግን ቤቶቹ የተራራቁ ስለሆኑ ከመኪናው ጋር ከመጡት በቀር አጋዥ እጅ አይገኝም፤ በመኪናው ንድፍ ጉድለት የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃም ከእነዚያው ከአራቱ ሰዎች ጉልበት ላይ የሚቀነስ ነው።

ከጋቢናው እጀምራለሁ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ መኪና በሁለት ዓይነት ጋቢና ይሠራል። አንደኛው ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ የሚነደፈው፣ ሞተሩ በሾፌሩና በአለቃው መካከል የሚቀመጥበት ሰፊ ጋቢና ነው፤ ሁለተኛው ማንኛውም የጭነት ድርጅት የሚገዛው፣ ሞተሩ ወደ ፊት የወጣ ባለ አራት በር ጋቢና ነው። የእኛ ሁለተኛው ነው። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቀንሳል፣ መለዋወጫው በአቅራቢያው ካለ የጭነት መኪና ጋራዥ ይገኛል፣ በመደበኛ ሥራው ከባድ መኪና የሚነዳ አባልም ከመሪው ጋር ቶሎ ይስማማል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከኋላ ሲቀመጡ ነው። የእሳት መከላከያ ልብስ ለብሰው ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቀበቶውን መሰኪያ በጓንት ዳብሶ ማግኘት ትግል ይሆናል። ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለእሳት አደጋ መኪና የሚያወጣው ደረጃ ቀበቶው ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ እንዲሆን የሚያዘው አለቃው ዞር ሲል ያልታሰረውን ሰው በአንድ እይታ እንዲለይ ነው፤ በእኛ መኪና ቀለሙ አለ፣ ለማሰር የሚበቃው ቦታ ግን የለም። ቢሆንም ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር ነው፤ ይኸው ማኅበር በ1991 ባወጣው ደረጃ ሠራተኞች ሁሉ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ እንዲቀመጡ እስኪያዝ ድረስ፣ ብዙዎች ከመኪናው በስተኋላ ባለው መረገጫ ላይ ቆመው፣ ብረት ይዘው፣ በዝናብና በበረዶ ይጓዙ ነበር።

የመተንፈሻ መሣሪያው የት ይቀመጥ የሚለው ክርክር በየጣቢያው ያልበረደ ነው። በመቀመጫው ጀርባ ከተተከለ ሰውየው በጉዞ ላይ ለብሶት ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከእሳት የተመለሰው መሣሪያ የያዘውን ጥቀርሻ ሰዎች በሚተነፍሱበት ጋቢና ውስጥ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን በ2022 ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ መሣሪያውን ከጋቢናው ውጭ በጎን ሳጥኖች ማስቀመጥ እየተለመደ መጥቷል፤ የእኛም መኪና እንዲሁ ነው። ደርሶ ለመልበስ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ እኔ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ።

የመኪናው ትልቁ ድክመት ያለው ቱቦው በሚደረደርበት አልጋ ላይ ነው። ደረጃው ለፓምፕ መኪና ቢያንስ 800 ጫማ ውሃ አቅራቢ ቱቦና 400 ጫማ እሳት ማጥፊያ ቱቦ እንዲኖር ይጠይቃል። እኛ የምንይዘው አቅራቢ ቱቦ ባለ አምስት ኢንች ሲሆን፣ ውሃ ሲሞላ በእያንዳንዱ ጫማ አንድ ጋሎን ያህል ስለሚይዝ የመቶ ጫማው ውሃ ብቻ ወደ 390 ኪሎ ይመዝናል። መኪናው ወደ ፊት ሲነዳ ቱቦው በራሱ ክብደት እየወረደ ስለሚዘረጋ አወራረዱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መልሶ መጫኑ ነው። ንድፍ አውጪው የገጠሩ መንገድ ጠባብ መሆኑን አስቦ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት አሳጥሮታል፤ ርቀቱ ሲያጥር ሺህ ጋሎኑ ታንክ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ታንኩ ሲረዝም በላዩ ያለው የቱቦ አልጋ መሬት ላይ ከቆመ ረጅም ሰው ራስ በላይ ይሆናል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የደከሙ ሰዎች፣ በእርጥብ ቦት ጫማ፣ በጨለማ ሦስት አራት ደረጃ ወጥተው፣ እየተሳቡ ቱቦውን በአኮርዲዮን እጥፋት መደርደር አለባቸው። ሥራው ሁለት ሰው ከላይ፣ ሁለት ሰው ከታች ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ነው። በዚህ መካከል ሌላ ጥሪ ቢመጣ መኪናው ለመነሣት ዝግጁ አይደለም።

መፍትሔው በኢንዱስትሪው ዘንድ የታወቀ ነው፤ የታንኩ የፊት ክፍል ከፍ፣ የኋላው ክፍል ዝቅ ብሎ ሲሠራና ቱቦው በዝቅተኛው ክፍል ላይ ሲያርፍ፣ አልጋው እስከ ሰው ደረት ከፍታ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ መኪናው ጥቂት ጫማ መርዘሙና ጠባብ መገንጠያ ላይ ሲዞር ተጨማሪ ጥንቃቄ መፈለጉ ነው። በየመንደሩ የሚገኘው ግቢ መግቢያ ሁሉ ለአጭር መኪናም ቢሆን ጠባብ ስለሆነ ያተረፍነው ጥቂት ጫማ ብዙ ጥቅም ሲሰጥ አላየሁም፤ አልጋው ከፍ በማለቱ የሚጠፋው ጊዜ ግን ከእያንዳንዱ ትልቅ ጥሪ በኋላ ይታያል። ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ ረጅሙን መኪና እወስድ ነበር።

በፓምፑ ላይ በአግድም የሚተኙት፣ ከእሱ ጋር ቀድመው የተገናኙት ሁለቱ ቱቦዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። እያንዳንዳቸው 200 ጫማ ርዝመትና አንድ ከሦስት አራተኛ ኢንች ስፋት ያላቸው ሲሆኑ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው መረገጫ ላይ ካልወጣ በቀር ኖዝሉን (የቱቦውን መርጫ አፍ) አይደርስበትም፤ ተንጠልጥሎ ሲስብ ደግሞ ወደ ኋላ የመውደቅ አደጋ አለ። ከፊት መከላከያው ውስጥ ባለው ሳጥን የተቀመጠው መቶ ጫማ ቱቦ ግን የመኪናው ምርጥ ሐሳብ ነው። መንገድ ዳር ለሚቃጠል መኪና፣ ለሣርና ለቆሻሻ ገንዳ እሳት አንድ ሰው ብቻውን አውጥቶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ወደ ቦታው ለመመለስም እዚያው መሬት ላይ ቆሞ ማጠፍ ይበቃል። ለጥቂት ሰዎች የታሰበ ንድፍ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ሳጥን ይመልከት።

ስለ ፓምፑ ያለኝ አስተያየት ጥሩ ነው። ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም በደቂቃ 750 ጋሎን ስለሆነ 1,250 ለገጠር ከበቂ በላይ ነው። በየዓመቱ የሚደረገው ሙከራ ከባድ ነው፤ ፓምፑ ከኩሬ ወይም ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ሙሉ አቅሙን በ150 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት፣ ሰባ በመቶውን በ200፣ ግማሹን በ250 መስጠት አለበት። ሃይድራንት በሌለበት አገር ከኩሬ መሳብ የዘወትር ሥራ ስለሆነ ይህን ሙከራ እንደ ወረቀት ሥርዓት የሚቆጥር ጣቢያ በራሱ ላይ ይፈርዳል። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው በሾፌሩ በኩል በመኪናው ጎን ላይ ነው። እያንዳንዱ መክፈቻና የግፊት መለኪያው በአንድ ቀለም ተለይቶ ስለተሰየመ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚለማመድ ሰው እንኳ ቀዩን መስመር ለመክፈት ቀዩን ይስባል፤ በየቀኑ ፓምፕ ለሚያንቀሳቅስ ባለደመወዝ ይህ ጌጥ ሊመስለው ይችላል፣ ለበጎ ፈቃደኛ ግን ስህተትን የሚከላከል ትልቅ ነገር ነው። ኦፕሬተሩ ጀርባውን ለሚያልፈው ተሽከርካሪ ሰጥቶ መቆሙ ግን አይመቸኝም። ሰሌዳውን ከጋቢናው በስተኋላ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው ሌላው ንድፍ ሁለቱንም ጎን ያሳያል፣ ከመንገዱም ያርቃል፤ መኪናውን ግን ያስረዝማል።

አንድ ሺህ ጋሎን ሲባል ብዙ ይመስላል። አንድ ቱቦ በደቂቃ 150 ጋሎን ሲተፋ ውሃው ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቀጣዩ ውሃ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ልማዱ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው መኪና የሚታጠፍ የሸራ ገንዳ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ቦቴዎች እየተመላለሱ ይገለብጡበታል፣ ፓምፑም ከገንዳው ይስባል። ገንዳው በመኪናችን ጎን ላይ በሞተር በሚወርድ መደርደሪያ የተቀመጠ ስለሆነ ሁለት ሰው ያወርደዋል፤ በአሮጌው መኪና አራት ሰው ይፈልግ ነበር። ለቦቴ የሚሠራው ደረጃ ውሃውን በአማካይ በደቂቃ 1,000 ጋሎን ፍጥነት ማራገፍ እንዲችል ስለሚጠይቅ፣ ሰፊ የማራገፊያ በር ከኋላ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ጎን እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ፤ በጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ እየነዱ ከገንዳው ጋር መግጠም ጊዜም ሰውም ይበላል።

ውሃ መሸከም የራሱ አደጋ አለው። የሺህ ጋሎን ውሃ ክብደት 3.8 ቶን ያህል ነው፤ ታንኩ በከፊል ሲጎድል ውሃው በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ስለዚህ በውስጡ መናወጡን የሚገቱ ግድግዳዎች ይሠሩለታል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በ2003 ባወጣው ሰነድ የውሃ ቦቴዎች ከቁጥራቸው ጋር በማይመጣጠን ብዛት የሠራተኛ ሕይወት እንደሚያጠፉ አሳይቷል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደረጃው ለከባድ የእሳት አደጋ መኪና ከፍተኛውን ፍጥነት በሰዓት 68 ማይል፣ ከ1,250 ጋሎን በላይ ለሚይዝ ወይም ከ50,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን ደግሞ 60 ማይል አድርጎ ወስኖታል። ብዙ ግዛቶች የእሳት አደጋ ሾፌርን ከከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነፃ ስለሚያደርጉ፣ በግል ሕይወቱ ከቤት አውቶሞቢል ሌላ ነድቶ የማያውቅ ወጣት ይህን መኪና ሊይዝ ይችላል። የመንሸራተትና የመገልበጥ መቆጣጠሪያው መኪናው ላይ ተገጥሞ መምጣቱ መልካም ነው፤ ጣቢያው ግን ከዚህ ጋር ረጅም የመንዳት ልምምድ ካልጠየቀ በመሣሪያው መተማመን የለበትም።

ሞተሩ ሌላ ራስ ምታት ይዞ መጥቷል። ከ2007 ወዲህ የወጡ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች የጭስ ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ ነው። የበጎ ፈቃደኞች መኪና ግን አምስት ማይል ሄዶ፣ ቆሞ፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት የማጣሪያው መብራት ቶሎ ቶሎ ይበራል፤ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ነድቶ ማሞቅ አለበት። ሻጩ ይህን ሲናገር አልሰማሁም።

በመኪናው የቀኝ ሳጥን ውስጥ ከባድ የማገናኛ ብረቶች አሉ። አዲስ አባላት ለምን እንደምንሸከማቸው ሲጠይቁ መልሱ ከዚህ ብዙ ከማይርቀው ከባልቲሞር ይመጣል። በየካቲት 1904 የባልቲሞር መሀል ከተማ ከአንድ ቀን በላይ ሲቃጠልና ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ሲወድሙ፣ ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች ለእርዳታ የመጡ ቡድኖች የቱቦአቸው ጥርስ ከባልቲሞር ሃይድራንት ጋር አልገጥም ብሏቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት ብሔራዊ ልክ ወጣ፤ ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በኋላ የተደረገ ጥናት ከአገሪቱ 48 ትልልቅ ከተሞች ልኩን የተቀበሉት 18 ብቻ መሆናቸውን አገኘ። የገጠር ጣቢያ በየጥሪው ከጎረቤት ካውንቲ ጋር ስለሚሠራ፣ የማገናኛዎቹ ዝርዝር በግዢ ሰነዱ ውስጥ በመጨረሻ ገጽ ላይ የሚጣል ነገር መሆን የለበትም።

ስለ ቀለሙና ስለ መብራቱ ብዙ የሚባል የለም። ከኋላ ግማሹን የሚሸፍነው ቀይና ቢጫ አንጸባራቂ ሰያፍ መስመር በደረጃው የታዘዘ ነው፤ ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ለቆመ ሰው ጠቃሚ ነው። በወርቅ ቅብ የተጻፈው የጣቢያው ስምና የፊት መከላከያው ላይ የተሰቀለው ኒኬል ቅብ ትልቅ ሳይረን ግን የግዢ ኮሚቴው ለራሱ የሰጠው ስጦታ ነው። በዚያው ገንዘብ የኋላ ካሜራ ማስገጠም ይቻል ነበር።

የዋጋው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ዛሬ አዲስ ፓምፕ መኪና ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ ከትእዛዝ እስከ ርክክብም ሦስትና አራት ዓመት ሊወስድ ይችላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ጥፋቱን ብዙ ፋብሪካዎች በጥቂት ኩባንያዎች እጅ በመጠቃለላቸው ላይ ያደርገዋል፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ ወረርሽኙ ያመጣውን የትእዛዝ ክምችትና የዕቃ ዋጋ መናር ያነሣሉ፤ ጉዳዩ በ2025 በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። የፌዴራሉ መንግሥት የእሳት አደጋ ድጋፍ ለትንሽ ጣቢያ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እስከ 20,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጣቢያ ከራሱ የሚያዋጣው አምስት በመቶ ብቻ ነው፤ ውድድሩ ግን ብርቱ ስለሆነ ማመልከቻውን በደንብ የሚጽፍ አባል ከአንድ ጥሩ ሾፌር አያንስም። የመድን ድርጅቶች አካባቢውን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ደረጃ ሲመድቡ የፓምፑንና የውሃ አቅርቦቱን የሙከራ መዝገብ ስለሚያዩ፣ መኪናው የመንደሩን ሰው የቤት መድን ክፍያም ይነካል።

በአጠቃላይ ሃይድራንት ለሌለው፣ ቀን ቀን አራት ሰው ለሚያገኝ ጣቢያ የዚህ ዓይነት መኪና ተገቢ ግዢ ነው እላለሁ፤ የምለው ግን የታንኩ ቅርጽ ተለውጦ የቱቦው አልጋ ዝቅ ካለ ብቻ ነው። ቤቶቹ ሁሉ ከሃይድራንት አጠገብ ለሆኑ ጣቢያ ግን ይህን ያህል ውሃ መሸከም በከንቱ ክብደት መጎተት ነው፤ በ500 ጋሎን ታንክና በሰፊው ጋቢና ቢገዙ ይሻላቸዋል። ገዢ ኮሚቴው ስዕሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ተመሳሳይ መኪና ያለው ጎረቤት ጣቢያ ሄዶ፣ ከአባላቱ በቁመት አጭሯን ሙሉ ልብስና ጓንት አስለብሶ፣ ቱቦውን አውርዳ፣ ገንዳውን ዘርግታ፣ ቱቦውን መልሳ እንድትጭን ይጠይቃት። የከበዳትን ሁሉ እየመዘገበ ስዕሉ እንዲለወጥ ማድረግ ያለበትም ያን ጊዜ ነው፤ ፋብሪካው ብረት ከቆረጠ በኋላ የሚጠየቅ ለውጥ ሁሉ በተጨማሪ ክፍያና በተጨማሪ ወራት የሚመጣ ነውና።